ማን ነው የሚያየው?

ሰውን ከነማንነቱ ማወቅ የፈለገ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄዶ ይቀመጥ። እዚያ ሹሙም ተራውም አንድ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ጥርስ ሲያም የማንንም ማዕረግ አይጠይቅም። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሰዋስው ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። ባለቤቴ «ጥርስሽን አሞሽ እንኳ ምላስሽ ጤነኛ ነው» ይለኛል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ትምህርት ቤት ለሚመሩ ሁሉ ይበጃል ብዬ ስላመንኩ፣ እንዳለ አወራዋለሁ። የሰለቸው ይለፈው።

የሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳዋ ላይ ብሩሽ የጨበጠ የሚስቅ ጥርስ ተሥሏል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚስቀው እሱ ብቻ ነው። ወንበሮቹ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሁሉ ይነቃነቃል። ልቀመጥ ስል ቀኝ ጉንጫቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ላይ ተቀምጠው አየሁ። እብጠቱ ፊታቸውን ቢለውጠውም አቀማመጣቸውን አልለወጠውምና ወዲያው ለየኋቸው። የድሮው ርዕሰ መምህራችን ነበሩ፤ ጋሼ።

ስለ ጋሼ ትንሽ ልናገር። ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን መርተው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መምህራን በሌሉበት «ራጅ» እንላቸው ነበር፤ የሰውን የውስጥ ችግር ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉና። አንዱ አቤቱታ ይዞ ቢሯቸው ሲገባ እስከ መጨረሻው ይሰሙታል፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ይታያል» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም። ጥቂት ቀን ሰንበት ብሎ ውሳኔው ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ሆኖ ይገኛል። እንዴት እንደደረሱበት ማንም አያውቅም፤ ጠይቆ መልስ ያገኘም የለም።

«አንቺ ሰዋስው፣ አንቺንም ያዘሽ?» አሉኝ። ቃላቸው በእብጠቱ ቢጣመምም ቅጽል ስሜን አልረሱም። እግዜር ይማርዎ ብዬ ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ስለ ጥርስ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጡረታ ስናወራ ቆየን።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና የአሁኑ ርዕሰ መምህራችን ገባ። ወጣት ነው። ለጋሼ ምክትላቸው የነበረ፣ የትምህርት አመራር ተምሮ በሁለተኛ ዲግሪ የተመረቀ፣ ለሰው የሚራራ ልጅ ነው። በሥራ ቦታ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ከግቢ ስንወጣ ግን ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም አይበልጥምና «አንተ» እለዋለሁ፣ እሱም «እትዬ» ይለኛል። ጋሼን ሲያይ ደነገጠ፤ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ሌሊት ሌሊት ጥርሱን እያፋጨ ሚስቱን እንቅልፍ ስለነሣት ሂድና ታይ ብላ እንደ ላከችው ነገረን። ጋሼም ቦታ ለቀቁለትና ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት።

«ሰኞ ጠዋት ላስረክብ ነው» አለ።

ዞር ስል ወንበሮቹ ሁሉ ተነቃነቁ። እኔ አልሰማሁም ነበርና ምን ማለትህ ነው አልኩት። እሱም ዐይኑን ከወለሉ ሳያነሣ ዘረዘረው። የፊዚክሷን መምህርት ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁጥር የሚፈራ ልጅ እንኳ የእሷን ክፍለ ጊዜ ይጠብቃል። ወልዳ ከተመለሰች በኋላ ቢሮው ገብታ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነፃ እንዲያደርጋት ለምና ነበር። «ይታያል» አላት። ቆይታ ደግማ መጣች፤ «ይታያል» አላት። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወችና ወሩ ሲያልቅ ሥራ እንደምትለቅ አስታወቀች። ነገሩ መምህራን ክፍል ሲደርስ የሌሎቹም ሁሉ ብሶት ተቀሰቀሰ፤ የጣሪያው ፍሳሽ፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍ፣ የፈተናው ድልድል፣ ሁሉም «ይታያል» ተብሎ የተንጠለጠለ ነበር። አሁን ገና ቡና ሊጠጣ ሲገባ በጎን «ይታያል» እያሉ ይጠቃቀሱበታል። እሱም ሳያወርዱት ሊወርድ ቆርጧል።

እውነት ለመናገር አዘንኩ። መጠቃቀሱ ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

ጋሼ ግን አላዘኑም። «ደግ አስበሃል» አሉት በተጣመመ አፋቸው። «አትቀየመኝ ልጄ። አመራር ጸጋ ነው። ከላይ ካልተሰጠህ ከየትም አታመጣውም። አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ጎበዝ መምህርም ነበርክ፤ ወደዚያው ተመለስ።»

«ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩትስ ጋሼ?»

«የተማርከውማ ጥራዝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያቺ ልጅ ስትመጣብህ መመሪያው ምን ይል ነበር?»

ወጣቱ ሳያመነታ መለሰ። መመሪያው በመንፈቀ ዓመት መካከል የክፍለ ጊዜ ድልድል አይለወጥም ይላል። እምቢ እንዳይላት አንጀቱ አልቻለም፤ እሺ እንዳይላት ደግሞ ነገ ሁሉም ይመጣል ብሎ ፈራ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብዬ ነው» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው ይኸውልሽ አሉ። ሐኪም ይሠለጥናል፣ አናጺም ይሠለጥናል፤ ፍርድ ግን፣ ትዕግሥት ግን፣ መቼ ማጥበቅ መቼ ማላላት እንደሚገባ ማወቅ ግን የትም አይሰጥም፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም አሉ። እኔም መልስ ፍለጋ አፌን ስከፍት ጥርሴ ጠዘጠዘኝና ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስብኝ በዓመት አንዴ ነው።

ዝምታዬ በጀ። ወጣቱ ቀና አለ።

«እኔን የጣለኝ ከመጽሐፍ የተማርኩት አይደለም ጋሼ» አለ። «የጣለኝ ከእርስዎ የተማርኩት ነው።»

«ከእኔ?»

«እርስዎ ‹ይታያል› ይሉ ነበር። ምክትልዎ ሳለሁ በጆሮዬ ስሰማው ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ ያከብርዎ ነበር። እኔም ‹ይታያል› አልኩ።»

«ካልክ በኋላስ ምን አደረግህ?»

«ጠበቅኩ።»

«ምን ጠበቅህ?»

«እንደ እርስዎ ነዋ። ነገሩ እስኪበርድ። ወይ ሰውየው ይረሳዋል፣ ወይ ነገሩ በራሱ ይፈታል ብዬ።»

የጋሼ እጅ ከጉንጫቸው ላይ ወረደ። ሕመማቸውን የረሱ መሰለኝ።

«እኔ እኮ ሄጄ አየው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አጫወቱን። ‹ይታያል› ካሉ በኋላ ግቢው ባዶ እስኪሆን ቆይተው ይነሡ ነበር። አንድ መምህር በግራ በኩል የሚቀመጡ ልጆች አይከታተሉኝም ብሎ ሲከስ እሳቸው ልጆቹ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ሰሌዳው ላይ አርፎ ጽሑፉን ሁሉ እንደሚያጠፋው አዩ፤ በማግስቱ መጋረጃ ተሰቀለ። የሂሳቡ መምህር አዘውትሮ ሲያረፍድ እሱ የሚሳፈርበት ፌርማታ በጠዋት ሄደው ቆሙ፤ አውቶቡሱ እየሞላ ጥሎት እንደሚያልፍ ተመለከቱ፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ሰጡ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። እኛ ራጅ ናቸው ስንል እሳቸው ለካ በእግራቸው ነበር የሚያዩት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለ ወጣቱ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቅሬታ ግን ነበር። «ጎን ለጎን ነበርን። አንድ ቀን እንኳ ና አብረን እንሂድ አላሉኝም።»

ጋሼ አለቃ ሐሳቡን አደባባይ አያሰጣም ብለው ጀመሩና መሐል ላይ ተዉት። ከዚያ እውነቱን አውጥተው እንዲህ አሉ፦ «ራጅ የምትሉኝን አላውቅም መሰላችሁ? ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።»

አሁን እኔም ጥርሴ ለቀቀኝ። መምህር ነኝና ማስተማር ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኩ። «‹ይታያል› ተደራጊ ግስ ነው። የሚታየውን ይናገራል፣ የሚያየውን ይደብቃል። እርስዎ ሲሉት የሚያየው እርስዎ ነበሩ። እሱ ሲለው ግን የሚያይ ማንም አልነበረም። ልጁ ቃልዎን ወረሰ፤ እግርዎን የሚያወርሰው አላገኘም። ታዲያ ይህ የጸጋ ጉድለት ነው ወይስ የአስተማሪ?»

ጋሼ እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ሄዶ ማየትን ልነግረው እችል ነበር፤ አይቶ መፍረድንስ በምን ልነግረው? ብለው ተከራከሩ። ሁለት ሰው አንድ ነገር አይቶ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ያልፋል አሉ። አባባላቸው እውነት አለው፤ እኔም አልካድኩም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ነርሷ የአንዱን በሽተኛ ስም ጠርታ ስታስገባ መልሱ ከፊቴ መጣ።

«ጋሼ፣ አሁን እዚህ ውስጥ ያለው ሐኪም መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ጉጠት ያነሣ ቢሆን ጉንጭዎን ይሰጡታል?»

«በስመ አብ። አልሰጥም።»

«መጽሐፍ አላነበብኩም፣ ጸጋ ግን አለኝ ቢልዎትስ?»

ሊስቁ ሲሉ አመማቸው። «ያንንማ በሩ ላይ ነው የምሸሸው» አሉ።

«ታዲያ ለጥርስዎ የፈሩለትን ያህል ለልጆቻችን አይፈሩም? ይህ ሐኪም የመጀመሪያውን ጥርስ ሲነቅል መምህሩ ከኋላው ቆሞ ነበር። እንዲህ ያዝ፣ እዚህ ጋ አትጫን እያለው ነው እጁ የተገራው። እጅ ከተገራ ልብ ለምን አይገራም? ትዕግሥትም በልምድ ነው፤ ድፍረትም በልምድ ነው። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ግን የሚለማመደው በእኛ በምስኪኖቹ ላይ ነው።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ይህ የማሰባቸው ምልክት ነው። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩና፣ ያላመኑ መሆናቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ፣ ስለ ፊዚክሷ ይጠይቁት ጀመር። ሕፃኑን ማን ነው የሚይዝላት? አላውቅም። ቤቷ ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ? ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ጋሼ። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ብቻ ለምን አስጨነቃት? አልጠየቅኳትም። አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ወጣቱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ወንበሩ ውስጥ ሊጠፋ ደረሰ፤ በመጨረሻ ግን ማነሱን ትቶ ቀና አለ።

«ዛሬ ሄጄ አያለሁ» አለ። «አብረውኝ ይመጣሉ?»

እስኪ እንግዲህ፣ እመጣለሁ፣ እዚያ ስንደርስ የሚባለውን እኔ እነግርሃለሁ አሉት ጋሼ። ነርሷም ይህን ጊዜ ጠራቻቸው።

ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። ጋሼ ሲወጡ ጥርሳቸው ተነቅሎ፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ፣ ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ ነበር። ሐኪሙ ደሙ እስኪቆም አንድ ቃል እንዳይናገሩ አጥብቆ አዟቸዋል። ወጣቱ ተራው ደርሶ ገባና ወዲያው ወጣ፤ ጥርስህ ጤነኛ ነው፣ ሐሳብህን ቀንስ ተብሏል። እኔ ግን ይህን ነገር ሳላይ ብቀር ጥርሴም አይድንም ብዬ ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ ተከተልኳቸው።

የፊዚክሷ ቤት ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቆች ጀርባ ነው፤ መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዎቹ ሲንኳኩ እያለፍን በአንዲት ጠባብ መግቢያ ገባን። ሴትዮዋ ግቢ ውስጥ የሕፃኑን ጨርቅ እያሰጣች ነበር። ሁለት ርዕሰ መምህሮች፣ የአሁኑና የድሮው፣ ያውም አንደኛው አፉ በጥጥ ታጭቆ፣ በሯ ላይ ስታይ ሰው የሞተባት መስሏት ደረቷን ያዘች። ወጣቱ ቶሎ ብሎ አረጋጋት። ሁለቴ ቢሮዬ መጥተሽ አልሰማሁሽም፣ ዛሬ ልሰማሽ መጣሁ አላት። ሴትዮዋ ግቡ ብቻ አለችን።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ሕፃኑ አልጋ ላይ ዙሪያውን በትራስ ታጥሮ ተኝቷል። ከአልጋው አጠገብ እናቷ ተቀምጠዋል፤ ቀን ቀን ልጁን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ስለ ክፍለ ጊዜው ሲጠይቃት ፊዚክሷ በአጭሩ ነገረችው፦ ማታ ስትገባ ልጁ እንደረጠበ፣ ወተቱም ጡጦው ውስጥ እንዳለ ነው የምታገኘው፤ እናቷ እያረጁ፣ ነገር እየረሱ ነው፤ ትንሽ ቀደም ብላ ብትገባ ይሻላል ብላ ነው። እሱም ሊናገር ሲል ሕፃኑ አለቀሰ። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ አልጋው ዘረጉ፤ መሐል ላይ መልሰው ሰበሰቡትና «ነይ አንቺ፣ ውሰጂው» አሉ።

እኔ ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ልጁን ነበር የማየው። ወጣቱ ግን አየ። ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገባቸው ዝቅ ብሎ ተቀመጠና በለሆሳስ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ እጅዎን ያምዎታል?»

አሮጊቷ እጃቸውን ልብሳቸው ውስጥ ደበቁ። እሱም ሳይቸኩል ጠበቃቸው፤ ይህኛው መጠበቅ ግን የድሮው መጠበቅ አልነበረም። ቆይተው አወጡት፤ ጣቶቻቸው ከየመገጣጠሚያው አብጠው ተጣመዋል። ልጁን እንዳልጥለው እየፈራሁ ነው አሉ። ላነሣው እልና እጄ ይከዳኛል። ለእሷ ብነግራት ደግሞ ሥራዋን ትተዋለች፤ እኔም ከእንግዲህ የማልረባ ሸክም ሆንኩ ማለት ነው ብለው አለቀሱ። ፊዚክሷ ያለቀሰውን ልጇን እንደታቀፈች እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። ረሱ፣ ችላ አሉ ብላ ስትቀየማቸው ከርማ ነበር።

ለካ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነፃ ቢሆንላትም ምንም አይፈታም ነበር። ጋሼም ይህን አይተዋል፤ ባልታመመው ጉንጫቸው ላይ እንባ ወርዷል። ወጣቱ ትንሽ አሰበና ሐሳቡን ድምፁን አውጥቶ ተናገረው፦ ግቢያችን ውስጥ ባዶ ክፍሎች አሉ፤ እማማ ከልጁ ጋር እዚያ ቢውሉ፣ እናቱ በየዕረፍቱ እየመጣች ብታጠባው፣ ሌላ ጊዜ የሚያነሣውን ሰው ደግሞ ብንፈልግስ? አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዙ፤ ጥጡን እየነከሱ «እም እም» አሉ። ትምህርት ቤት የሕፃን ማዋያ አይደለም ማለታቸው ነው፤ ዕድሜያችንን ሙሉ ያወቅናት ጣት ናት፣ ትርጓሜ አያስፈልጋትም። እኔም ወጣቱ አሁን ያፈገፍጋል ብዬ ፈራሁ።

«ገብቶኛል ጋሼ» አለ በአክብሮት። «ሰኞ ለመምህራኑ የእኔንም ሐሳብ የእርስዎንም ተቃውሞ አቀርባለሁ።»

ሰኞ ጠዋት አላስረከበም። መምህራን ክፍል ገብቶ ቆመ። አንዱ ከጥግ «ይታያል» ሊል ሲል በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ወጣቱ ጥያቄ ሲቀርብለት ሄዶ ሳያይ እንደቆየ በግልጽ ተናገረ። ከዚያ በሴትዮዋ ፈቃድ ያየውን፣ ያሰበውን፣ ጋሼ የተቃወሙትንና እሱ ራሱ የሚፈራውን አንድ በአንድ ነገረን፤ ለአንዷ ሲፈቀድ ሌላው ምን ይላል የሚለውንም አልደበቀም።

«እኔ ያላየሁት ምን አለ?» ብሎ ጠየቀን።

እንዲህ ብሎ የጠየቀን አለቃ ከዚያ በፊት አልነበረምና ግራ ገባን። በኋላ የሂሳቡ መምህር ጉሮሮውን ጠርጎ ያሰቡት ክፍል ከአምስተኛ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ልጅ ሲያለቅስ ትምህርት የለም አለ። የስፖርቱ መምህር የመጀመሪያ ርዳታ ክፍሉ ጎን ያለውን ጠቆመ። ሌሎች ሁለት እናቶች እኛም ጨንቆን ነበር አሉ። ክፍለ ጊዜ የሌለው መምህር በተራ ልጆቹን እንዲያነሣ፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ተሞክሮ እንደገና እንዲመከርበት ተስማማን። ጅቡ ይገባል የተባለው ቀዳዳ እኛ ሁላችን የምንጠብቀው በር ሆነና ማንም ያላግባብ አልገባበትም።

ፊዚክሷ ሥራዋን ሳትለቅ ቀረች። ልጆችን በማባበል ከሁላችን የበለጠው ደግሞ፣ ማን ይገምት ነበር፣ ያ ኮስታራ የሂሳብ መምህር ነው። ጋሼ አንድ ቀን ሊጎበኙን መጥተው ሕፃኑን ትከሻው ላይ አድርጎ የማባዣ ሠንጠረዥ እየዘመረ ሲንጎራደድ አገኙት። አሮጊቷ ከጎኑ ተቀምጠው ስህተቱን ያርማሉ። ጋሼ በሩ ላይ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወጣቱን ፈልገው ቢሮው ገቡ፤ እኔም የክፍል ቁልፍ ልወስድ እዚያው ነበርኩ።

«እኔ ብሆን አልፈቅድም ነበር» አሉት። «ተሳስቼ ነበር። ጸጋ ነው ያልኩትም ስህተት ነው። አፌ ታስሮ ባይሆን ኖሮ እኔ እናገርልህ ነበር፤ አንተም ይህን አትማርም ነበር፤ እኔም አላምንም ነበር።»

ወጣቱም ቀልጠፍ ብሎ በዚያው ወጥመዱን ዘረጋ። በአካባቢያችን ባሉ ትምህርት ቤቶች አዲስ የተሾሙ ርዕሰ መምህራንና ምክትሎች አሉ፤ ሁሉም እንደኔ በየቢሮው ብቻውን ይጨነቃል፤ ይምጡና አብረውን ይቀመጡ ብሎ ለመናቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና መቼ ነው የምንጀምረው አሉ።

አሁን ሁልጊዜ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔም ቃል ላርም በሚል ሰበብ እገባለሁ። እያንዳንዱ ገና ያልወሰነበትን ነገር ይዞ ይመጣል። መጽሐፍ ያነበበው ከመጽሐፉ ይጠቅሳል፤ ማንም አይስቅበትም። ጋሼ ይጠይቃሉ እንጂ አይፈርዱም። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ሄደው ያያሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ልክ የሆነውንም የተሳሳተውንም መጥተው ይናገራሉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ፣ እዚያ መናገር እንደ ውርደት አይቆጠርም።

ጥቅሙን ለሚጠይቀኝ ሰው ሩቅ አልሄድም። በእኛ ግቢ አቤት ያለ ሰው ማን እንደሚያይለት ያውቃል። እምቢ የተባለም ቢሆን ለምን እንደሆነ ስለሚነገረው ቂም አይዝም። ወጣቶቹ አለቆች ስህተታቸውን ገና ትንሽ ሳለ ይናገሩታል፤ ስለዚህ ስህተቱ አድጎ ልጅ ላይ አይወድቅም። ደግነት ያለው ድፍረት ይማራል፣ ድፍረት ያለው ደግሞ መስማት ይማራል። የእኛም ርዕሰ መምህር ጥርሱን ማፋጨቱን ትቷል፤ ሚስቱ ገበያ ላይ አግኝታኝ አመስግናኛለች። መመሪያውም አልተቀደደም፤ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፣ ይነበባልም፤ ከመመሪያው በፊት ግን ሰው ይታያል፣ የሚያየውም ሰው ስም አለው።

ባለፈው ረቡዕ አንዲት አዲስ ምክትል መጥታ ነበር። ዝም ብላ ሁሉንም ስትሰማ ቆየችና በመጨረሻ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ከማን ተማሩ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁሉ አንድ ታላቅ አስተማሪ ሊጠሩ ነው ብለን ጠበቅን።

«ከማንም» አሉ። «ለዚህ ነው እስክማር ድረስ ብዙ ሰው የጎዳሁት።»

እሳቸውም ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አስጠጉና «በይ፣ አሁን የአንቺን ንገሪን» አሏት።